የጥጥ ዝርያዎች ባክቴሪያል ብላይትን የመቋቋም አቅም ፍተሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝርያ የሚያነጻጽሩ፣ ዘር የሚያባዙና የዕፅዋት በሽታ የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ባክቴሪያል ብላይት ምንድን ነው?

ዛንቶሞናስ ሲትሪ ፓቶቫር ማልቫሲያረም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው የጥጥ በሽታ ነው። በቆዩ ጽሑፎች ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ወይም ዛንቶሞናስ አክሶኖፖዲስ ተብሎ ቢያገኙት ግር አይበልዎ፤ የተለዋወጠው ስሙ ነው፣ ባክቴሪያው ያው ነው። ቅጠልን፣ ግንድን፣ ቅርንጫፍንና ፍሬን ያጠቃል። ግንዱና ቅርንጫፉ ሲጠቁር ብላክ አርም ይሉታል።

ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በዘር፣ ካለፈው ምርት በቀረ ቅሪትና ሳይዘራ በበቀለ ጥጥ ነው። ማሳ ውስጥ ከገባ በኋላ ነፋስ የሚያላጋው ዝናብ ወይም ከላይ የሚረጭ መስኖ ከተክል ወደ ተክል ያደርሰዋል። ቅጠሉ ውስጥ የሚገባው ስቶማታ በሚባሉት ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ወይም በቁስል በኩል ነው።

ቅጠል ላይ ያየሁት ነጠብጣብ የዚህ በሽታ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ነጠብጣቡ መጀመሪያ ውሃ የጠጣ መስሎ በቅጠሉ የታችኛው ገጽ በኩል ይታያል። ክብ አይደለም፤ ጥቃቅን የቅጠል ጅማቶች ስለሚያግዱት ማዕዘን ያወጣል። ቆይቶ ይጠቁርና ይደርቃል፤ አንዳንዴም ዋናውን ጅማት ተከትሎ እንደ ጥቁር መስመር ይዘልቃል። ፍሬ ላይ ሲወጣ ግን ክብ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደና ውሃ የጠጣ ቁስል ይሆናል።

አልተርናሪያ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው ነጠብጣብ ክብ ሆኖ ቀለበት በቀለበት ላይ የተደራረበ ይመስላል። ራሙላሪያ ደግሞ ማዕዘን ስለሚያወጣ ያሳስታል፤ እሱ ግን በቅጠሉ ታች ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይኖረዋል። ጥርጣሬ ካለ ከነጠብጣቡ ዳር ትንሽ ቆርጦ በውሃ ጠብታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ባክቴሪያ ከሆነ ከተቆረጠው ጠርዝ እንደ ጭስ እየተትጎለጎለ ሲወጣ ይታያል።

መድኃኒት ረጭቶ መገላገል አይቻልም?

አይቻልም። የፈንገስ ማጥፊያዎች በብዛት ባክቴሪያን አይነኩም፤ መዳብ ያለባቸውም ቢሆኑ ቅጠሉ ላይ ያለውን ቢቀንሱ እንጂ ወደ ውስጥ የዘለቀውን አይደርሱበትም። ዘሩን በሰልፈሪክ አሲድ አጥቦ አጭሩን ቃጫ ማስወገድ ጥሩ ልማድ ነው፤ በዘሩ ገጽ ላይ ያለውን ባክቴሪያ በእጅጉ ይቀንሳል። ዘሩ ውስጥ የተደበቀው ግን ይተርፋል። ቅሪትን መቅበርና ሰብል ማፈራረቅም ያግዛሉ።

አስተማማኙ መፍትሔ ተቋቋሚ ዝርያ ነው፤ አውስትራሊያ ጥሩ ማሳያ ናት። የማዳቀል ሥራው ሙሉ በሙሉ የሚቋቋሙ የአፕላንድ ጥጥ (በስፋት የሚመረተው የጥጥ ዓይነት) ዝርያዎችን ካወጣና አምራቾች ሁሉ ወደ እነሱ ከዞሩ በኋላ በሽታው ከማሳዎቹ ጠፋ ሊባል በሚያስችል ደረጃ ቀንሷል።

ባለፈው ወቅት ማሳ ላይ ንጹህ ሆኖ የታየ ዝርያ ተቋቋሚ ነው ማለት ይቻላል?

በዚህ ብቻ አይቻልም። ከበሽታ ያመለጠ ተክልና በሽታን የተቋቋመ ተክል ለዓይን አንድ ናቸው። ዝናቡ በወቅቱ ካልመጣ፣ ዘሩ ንጹህ ከነበረ ወይም ባክቴሪያው አካባቢው ላይ ከሌለ እጅግ ተጋላጭ የሆነው ዝርያም አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል። የዝርያ ፍተሻ የሚባለው ሥራ በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚደረግ ድካም ነው።

ስለዚህ በሽታው እስኪመጣ መጠበቅ ትቶ ራስ ሆን ብሎ ማስያዝ ያስፈልጋል። ሁሉም ዝርያ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ የባክቴሪያ መጠን ሲጋፈጥ ብቻ ነው ልዩነቱ የዝርያው ነው ማለት የሚቻለው።

ማነጻጸሪያ ዝርያ የግድ ነው? ቦታ ይወስድብኛል።

የግድ ነው፤ አንዱን የሚፈተን ዝርያ ቢያስወጡ ይሻላል። ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፦ በቀላሉ የሚጠቃ መሆኑ የታወቀ አንድ፣ ተቋቋሚነቱ የተረጋገጠ አንድ። ሦስተኛ ደግሞ ንጹህ ውሃ ብቻ የሚረጭበት ክፍል ቢኖር መርጨቱና መቧጨሩ ራሱ ያመጣውን ጉዳት ለመለየት ይረዳል።

የሚጠቃው ማነጻጸሪያ ካልታመመ ሙከራው አልተካሄደም ማለት ነው። የሌሎቹ ንጽሕና ምንም አይነግረንም። ያን ጊዜ ውጤቱን መመዝገብ ሳይሆን ስህተቱ የት እንደሆነ መፈለግ ነው የሚገባው፤ ባክቴሪያው ደክሞ ይሆን፣ እርጥበቱ አንሶ ይሆን፣ ወይስ ሰዓቱ አልተመረጠም? በተቃራኒው ተቋቋሚው ማነጻጸሪያ ከታመመ መጠኑ በዝቷል፣ ዘሩ ተቀላቅሏል፣ አለበለዚያም የባክቴሪያው ዓይነት ከሚታወቀው የተለየ ነው። የመጨረሻው ትልቅ ዜና ስለሆነ ከማውራት በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማጣራት ይገባል።

በሰፊ ማሳ ላይ ከሆነ የሚጠቃውን ዝርያ አንድ ቦታ ብቻ ከመዝራት በየተወሰነ መስመር ጣልቃ እያስገቡ መዝራት ይመረጣል። በሽታው በእኩል መዳረሱን ያሳያል፤ ለጎረቤቶቹም የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

ባክቴሪያው ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይዘጋጃል?

አዲስ ምልክት ካለበት ቅጠል። ቅጠሉን አጥቦ፣ ገጹን በተበረዘ በረኪና ለአጭር ጊዜ አጽድቶ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቆ ከነጠብጣቡ ዳር ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። ጠብታ ውሃ ውስጥ ተጨፍልቆ አጋር የተባለ ጄሊ መሰል ማሳደጊያ ባለበት ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን) ላይ ይሰመርና በ28 እና 30 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይቆያል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ቢጫ፣ አንጸባራቂና ልሙጥ ኮሎኒዎች (ባክቴሪያው ተባዝቶ የሚሠራቸው ክምችቶች) ይወጣሉ። ቢጫ የሆነ ሁሉ ግን እሱ አይደለም፤ ቅጠል ላይ የሚኖሩ ጉዳት የለሽ ቢጫ ባክቴሪያዎች ብዙ ናቸው። በተጋላጭ ጥጥ ላይ በሽታውን አምጥቶ፣ እንደገና ከዚያው ተለይቶ ሲወጣ ብቻ ነው የሚታመነው።

ከተረጋገጠ በኋላ ከግሊሰሮል ጋር ተቀላቅሎ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። ከፔትሪ ዲሽ ወደ ፔትሪ ዲሽ እየተዛወረ ወራት የቆየ ባክቴሪያ የማጥቃት ኃይሉ ሊደክም ይችላል። ሳይታወቅ በደከመ ባክቴሪያ የተፈተነ ዝርያ ሁሉ «ተቋቋሚ» ሆኖ ይወጣል፤ የሚጠቃው ማነጻጸሪያ የሚያድነን እዚህ ላይ ነው።

በሽታውን ለማስያዝ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

የተለመዱት ሦስት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄም የተለያየ ነው። መቧጨር ቀላሉ ነው። ስቲኪኒ በባክቴሪያው ፈሳሽ ነክሮ ከዘሩ ጋር የሚወጡትን ሁለት ወፍራም ቅጠሎች ጫር ማድረግ ነው። ቡቃያው ከወጣ በሳምንት በአሥር ቀን ዕድሜው ስለሚሠራ በትንሽ ቦታ ብዙ ተክል ማየት ይቻላል። ጉድለቱ የተክሉን የመጀመሪያ በር ሰብሮ መግባቱ ነው።

መርጨት ተፈጥሮን ይበልጥ ይመስላል። ፈሳሹ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ባክቴሪያ እንዲይዝ ተደርጎ፣ በተለይ የቅጠሉ የታችኛው ገጽ ውሃ የጠጣ እስኪመስል ድረስ ይረጫል። ፈሳሹ ቅጠሉ ላይ እንዲዘረጋ የሚያደርግ ማጣበቂያ በጥቂቱ መጨመር የተለመደ ነው። ጠዋት ብርሃን ከወጣ በኋላ መርጨት ይመረጣል፤ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱት ያኔ ነው። ብዙ ዝርያ ለማወዳደር አንድ ዘዴ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ፈሳሹን በቅጠሉ ታች ገፍቶ ማስገባት ነው። ጂን ለሚያጠና ሰው ግሩም ነው፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ትክክለኛው መጠን ይገባለታል። ለዝርያ ምርጫ ግን አይመቸኝም፣ ምክንያቱም ማሳ ላይ ባክቴሪያው እንዲህ በግፊት ተገፍቶ አይገባም።

የባክቴሪያውን መጠን በትክክል መለካት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በጣም። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ቅጠል ውስጥ በሲሪንጅ ቢያስገቡ ተቋቋሚውም ተጋላጩም ቅጠል ስለሚሞት ልዩነቱ ይሰወራል። መጠኑ ሲያንስ ደግሞ ከፊሉ ተክል ሳይያዝ ያመልጣል። ከዚያ መጠን ወደ 1 ሚሊዮን ለማውረድ 1 ሚሊ ሊትር ወስዶ 99 ሚሊ ሊትር ውሃ መጨመር ይበቃል። በብርሃን መለኪያ መሣሪያ የተገመተውን መጠን ፈሳሹን አቅጥኖ ፔትሪ ዲሽ ላይ በመዝራትና ኮሎኒዎቹን በመቁጠር ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው የሞተውንም በሕይወት ያለውንም አብሮ ነው የሚያየው።

ሙቀትና እርጥበቱ ምን ያህል ይሁን?

በሽታው ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ባለው የቀን ሙቀትና ከ85 በመቶ በላይ በሆነ እርጥበት በደንብ ይስፋፋል። ግሪንሃውስ ውስጥ ከተረጨ በኋላ ተክሎቹን ለአንድ ለሁለት ቀን በላስቲክ ሸፍኖ ማቆየት ይለመዳል። ማሳ ላይ ደግሞ ከዝናብ በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ከላይ በሚረጭ መስኖ ማርጠብ ያግዛል። ሽፋኑ ላይ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፤ በሙቀት የተቃጠለ ቅጠል ውጤት አይነበብበትም።

ውጤቱ መቼና እንዴት ይነበባል?

ከማስያዝ በኋላ በ10ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል። ብዙዎች ከ0 እስከ 4 ያለውን መለኪያ ይጠቀማሉ፦ 0 ምልክት የሌለው፣ 1 ጥቃቅንና ደረቅ ነጠብጣብ፣ 2 ጥቂት ውሃ የጠጣ ነጠብጣብ፣ 3 ብዙ ነጠብጣብ፣ 4 ነጠብጣቦቹ ተያይዘው ጅማትንም የያዙ። ከ0 እስከ 5 ወይም ከ1 እስከ 10 የሚጠቀሙም አሉ። መለኪያውን ሳይገልጹ «ውጤቱ 3 ነው» ብሎ መጻፍ ለሌላ ሰው ምንም ትርጉም የለውም።

የበሽታው መጠን በመቶኛ የሚሰላው የተክሎቹን ነጥብ ሁሉ ደምሮ፣ ለተክሎቹ ብዛትና ለትልቁ ነጥብ ብዜት አካፍሎ፣ በ100 በማባዛት ነው። ከ20 ተክል 10ሩ 0፣ 4ቱ 1፣ 3ቱ 2፣ 2ቱ 3፣ 1ዱ 4 ቢያገኙ ድምሩ 20 ነው። 20 ለ80 ሲካፈል 25 በመቶ ይሆናል።

አሁን ሌላ ዝርያ እንውሰድ፤ 20ዎቹም ተክሎች እኩል 1 ነጥብ አግኝተዋል። የእሱም ስሌት 25 በመቶ ነው! ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱ ዝርያዎች እኩል ናቸው፤ ማሳ ላይ ግን አይገናኙም። ሁለተኛው ወጥ የሆነ መካከለኛ መቋቋም አለው። የመጀመሪያው ጤነኛና በጠና የታመሙ ተክሎች ድብልቅ ነው፤ ዘሩ ያልጠራ ወይም የማስያዙ ሥራ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቶኛውን ብቻ የሚያወጣ ዘገባ አይበቃም፤ በየነጥቡ ስንት ተክል እንደተገኘ ይጻፍ።

ውጤቱን የሚያነበው ሰው ደግሞ የዝርያውን ስም ባያውቅ ይመረጣል። መደቡ ላይ ቁጥር ብቻ ይለጠፍ። ስሙን ካየን ዓይናችን የምንወደውን ዝርያ ይምረዋል።

ከተረጨ በሁለትና በሦስት ቀን ቅጠሉ ላይ ቡናማ ደረቅ ቦታ ወጣ። ዝርያው በጣም ተጋላጭ ነው ማለት ነው?

ምናልባትም ተቃራኒው ነው። ተቋቋሚ ተክል ባክቴሪያው የገባበትን ጥቂት ሕዋስ ፈጥኖ ራሱ በመግደል ወራሪውን እዚያው ያስቀረዋል። ይህ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ደረቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ አይሰፋም፣ ውሃም አይጠጣም። ተጋላጩ ላይ ግን መጀመሪያ ጸጥ ይልና ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ገደማ ውሃ የጠጣው ነጠብጣብ ብቅ ብሎ መስፋት ይጀምራል።

ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብ የሚያሳስተው። በሦስተኛው ቀን አንዴ፣ በሁለተኛው ሳምንት አንዴ ቢታይ ይሻላል። በሁለተኛው ሳምንት ብቻ የመጣ ሰው ሁለቱንም ደርቀው ያገኛቸውና አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል።

ስንት ተክል ልፈትን? ጥቂቶቹ ብቻ ቢታመሙስ?

ዝርያው ወጥ መሆኑ ከታወቀ በአንድ ድግግሞሽ ከ10 እስከ 20 ተክል፣ ሦስት ወይም አራት ድግግሞሽ ይበቃል። የዘሩን ጥራት ለማወቅ ከሆነ ግን አይበቃም። ከመቶ 5ቱ ተጋላጭ በሆኑበት ዘር ውስጥ 20 ተክል ብቻ ቢፈትኑ አንድም ተጋላጭ ሳያገኙ የመቅረት ዕድሉ 36 በመቶ ያህል ነው። ይህን ወደ 5 በመቶ ለማውረድ 59 ተክል ያስፈልጋል።

ጥቂቶቹ ሲታመሙ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደቆሙ ነው። ዳር ዳሩን ከሆነ ወይም በአንድ ጥግ ከተሰበሰቡ የርጭቱ ነገር ነው። ተበታትነው ከሆነ ዘሩ ተቀላቅሏል፣ ወይም ዝርያው ገና አልጠራም። ከአንድ ገዢ ጂን (ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ባሕርይውን ከሚያሳይ ጂን) የሚመጣ መቋቋም በሁለተኛው ትውልድ ሦስቱ ጤነኛ አንዱ በሽተኛ ሆኖ ይከፈላል፤ ቁጥሩ ወደዚያ ከቀረበ አዳቃዩን መጠየቅ ነው።

ሌላ አገር ተቋቋሚ የተባለው ዝርያ እኛ ዘንድ ለምን ታመመ?

ባክቴሪያው አንድ ዓይነት ስላልሆነ። ሬስ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፤ የሚለዩትም የታወቁ የጥጥ መስመሮችን (ጠርተው የቆዩ የዘር ሐረጎችን) በማስያዝና የትኛው ታሞ የትኛው እንደዳነ በማየት ነው። አካላ 44 የተባለው መስመር በሁሉም ስለሚጠቃ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በአሜሪካ ሬስ 18 ጎልቶ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አርካንሳስና ሚሲሲፒ ውስጥ በሽታው ተረስቶ ከቆየ በኋላ እንደገና ሲነሳ ብዙ ተጋላጭ ዝርያ ተዘርቶ ነበር።

ታሪኩ ከዚያ ይርቃል። ሱዳን ውስጥ ናይት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመቋቋም ጂኖችን እየለየ ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 እያለ ሰየማቸው፤ ወደ ግብፅ ዓይነት ረጅም ቃጫ ጥጥም አሸጋገራቸው። ጂኖቹ ከተለያዩ የጥጥ ዓይነቶች የተገኙ ናቸው፤ የእስያው ጎሲፒየም አርቦሪየም አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ቻድን፣ ቡርኪና ፋሶንና ሱዳንን በመሳሰሉ አገሮች መለያ መስመሮቹን ሁሉ የሚያሸንፉ ኃይለኛ የባክቴሪያ ዓይነቶች ተገኙ። ተክሉ ወራሪውን የሚያውቅባቸውን ምልክቶች አጥተዋልና የቆዩት ጂኖች ሊያዩአቸው አልቻሉም። እነሱን የተቋቋመው ኤስ 295 የተባለው መስመር ሲሆን ጂኑ ቢ12 ተብሏል።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር «ተቋቋሚ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም የሚል ነው፤ «ለየትኛው ባክቴሪያ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ፍተሻው ዝርያው ከሚዘራበት አካባቢ በተሰበሰቡ በርከት ያሉ ናሙናዎች ይደረግ። ናሙናዎቹን ደባልቆ በአንድ ጊዜ መርጨት ጊዜ ይቆጥባል፤ የታመመውን ዝርያ የትኛው እንዳሳመመው ግን አይነግርም።

ቡቃያው ላይ የተቋቋመ ዝርያ ፍሬው ላይም ይቋቋማል?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ በተለይ መቋቋሙ ከጠንካራ ጂን ከመጣ። መካከለኛ መቋቋም ያላቸው ዝርያዎች ላይ ግን የቅጠሉና የፍሬው ውጤት ሊለያይ ይችላል። አምራቹን በቀጥታ የሚጎዳው የፍሬው ቁስል ስለሆነ ለመጨረሻ ዙር የተመረጡትን ጥቂት ዝርያዎች ማሳ ላይ እስከ ፍሬ ድረስ መከታተል ያስፈልጋል። የቡቃያው ፍተሻ ብዙውን ለመጣል፣ የማሳው ጥቂቱን ለማጽደቅ ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ ይህን ሁሉ አይተካም?

ከፊሉን ይተካል። ቢ12 በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ ስለሚታወቅ ለእሱ ቅርብ የሆኑ የዲኤንኤ ምልክቶች አሉ፤ አዳቃዩ ከቡቃያ ቅጠል ናሙና ወስዶ ጂኑን የያዙትን ብቻ ያስቀራል። ተክል ማሳመም አያስፈልገውም፣ ጊዜም ይቆጥባል።

ነገር ግን ምልክቱ ከጂኑ አጠገብ ያለ ነው እንጂ ጂኑ ራሱ ካልሆነ በማዳቀል ወቅት ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያም በላይ ምርመራው የሚያየው የሚፈለገውን አንድ ጂን ነው፤ ከብዙ ትናንሽ ጂኖች የተሰበሰበ መቋቋም ያለው ዝርያ በስህተት ይጣላል። ባክቴሪያው ተለውጦ እንደሆነም ዲኤንኤው አይነግርም። በምልክት የተመረጠ መስመር ከመለቀቁ በፊት አንዴ በባክቴሪያው ፊት መቆም አለበት።

ከሙከራው ማሳ የተሰበሰበውን ዘር መዝራት እችላለሁ?

ሆን ተብሎ ባክቴሪያ ከተረጨበት መደብ የተገኘ ዘር ለዘር አይሆንም። ተቋቋሚው ዝርያ እንኳ ቢሆን ራሱ ሳይታመም ከጎረቤት በዝናብ የተረጨ ባክቴሪያ በቃጫው ላይ ሊይዝ ይችላል። የሚባዛው ዘር በሽታ ካልገባበት ሌላ መደብ ይሰብሰብ፣ በአሲድም ይታጠብ።

የሙከራ ቦታውም ከጥጥ ማሳዎች ርቆ ይመረጥ። ሰውም መሣሪያም ከንጹሁ መደብ ወደ ታመመው ይሂድ እንጂ ወዲያ አይመለስ፤ ቅጠሉ እርጥብ እያለ ደግሞ ባይገባ ይመረጣል። ሥራው ሲያልቅ ቅሪቱ በጥልቀት ይቀበር ወይም ይወገድ፣ በሚቀጥለው ወቅት በራሱ የሚበቅለው ጥጥም ይነቀል። ከሌላ አካባቢ የመጣ የባክቴሪያ ናሙና ካለ ግን ማሳ ላይ ጨርሶ አይረጭ፤ እሱ ከተዘጋ ግሪንሃውስ መውጣት የለበትም።